ከመሣሪያው በስተኋላ ያለው ሰው

ሰው በሚያውቀው ነገር ላይ ለመናገር ያመነታል፤ በማያውቀው ነገር ላይ ግን ምላሱ ይፈታል። ገበሬ ስለ ዘንድሮው አዝመራ ሲጠየቅ ሰማዩን አየት፣ አፈሩን ዳበስ አድርጎ «እንግዲህ ዝናቡ በልክ ከሆነ መልካም ነው» ብሎ ይመልሳል፤ በዘርና በአጨዳ መካከል ስንት ነገር እንደሚያጋጥም ሠርቶ ያውቀዋልና። ሞፈር ጨብጦ የማያውቅ የከተማ ሰው ግን ስለዚያው አዝመራ ቢጠየቅ ሳያስብ ይመልሳል፤ ከመለሰም በኋላ ይከራከራል፤ ከተከራከረም በኋላ ይቈጣል።

በዛሬው ዘመን ይህ ድፍረት አብዝቶ የሚታየው ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ስልክ፣ ስለ ሶፍትዌርና ስለ ኢንተርኔት በሚነገረው ወሬ ላይ ነው። ቡና በሚጠጣበት፣ ታክሲ በሚጠበቅበት፣ ለቅሶ በሚደረስበት ስፍራ ሁሉ ይህ ወሬ አይታጣም። አንድ አፕ ሲዘገይ አንዱ «የሠሩት ሰነፎች ናቸው» ይላል፤ የባንክ አገልግሎት ለአንድ ሰዓት ሲቆም ሌላው «ሀከሮች ገብተዋል» ብሎ ይምላል፤ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አዲስ ነገር በተሰማ ቍጥር አንዱ «ዓለም አለቀላት» ሲል ጐረቤቱ «ከእንግዲህ ወዲህ ማን ይማራል!» ይላል። ማታ ደግሞ ይኸው ሁሉ በስልክ ተጽፎ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። አባቶቻችን «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ብለው የተረቱት ወሬ በእግር በሚሄድበት ዘመን ነበረ፤ ዛሬ ወሬ ክንፍ አውጥቶአል።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ እኔ ይህን የምጽፈው አሳብ መስጠት ይቅር ለማለት አይደለም። አሳብ የማይሰጥ ሰው ከግዑዝ ዕቃ በምን ይለያል? ለማለት የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ መሣሪያ የሚነገረው አሳብ ሁሉ ከመሣሪያው በስተኋላ ባለው ሰው ላይ ይወድቃል። መሣሪያው ስድብ አይሰማውም፤ ምስጋናም አይሻም። ሰውዬው ግን ይሰማዋል። ይህን የረሳ አሳብ፣ ተናጋሪው ክፉ ባይሆን እንኳ፣ ክፉ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ይህንንም በቃል ብቻ ሳይሆን በተደረገ ነገር ላስረዳ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሰው ዓመት፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

እኔ የኮምፒዩተር ሊቅ አይደለሁም። ይህን አሳብ በልቤ ያሳደረብኝ አንድ ወጣት ነው። ቀድሞ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮቹንና እነርሱን የሚያያይዘውን መረብ የሚጠብቅ አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበረ። ሠራተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ እርሱ ይቀራል፤ ሰው እየሠራበት ያለውን ኮምፒዩተር አጥፍቶ ማደስ አይቻልምና ሥራው የሚጀምረው የእኛ ሲያበቃ ነው። ጠዋት ስንገባ ሁሉም ነገር እንደ ትናንቱ ይሠራል፤ እኛም እንደ ትናንቱ ተቀምጠን እንሠራለን። በዓመት ውስጥ አንድ ሁለት ቀን መረቡ የተቋረጠ እንደ ሆነ ግን ስሙን የማያውቀው ሁሉ ስሙን አጠያይቆ ይወቅሰዋል። አንድ ቀን ከእንደዚህ ያለው ወቀሳ በኋላ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁትና «አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ እንዴት ትችለዋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም «ጋሼ፣ የእኔ ሥራ ሲሳካ አይታይም፤ የሚታየው ሲበላሽ ብቻ ነው። መብራት ሲበራ ማን ያመሰግናል? ሲጠፋ ግን ሰፈሩ ሁሉ ይጮኻል» አለኝ። ብዙም ሳይቈይ ሥራውን ለቀቀ። ከሄደ በኋላ ግን በየሳምንቱ አንድ ነገር ይሰናከል ጀመር፤ ያን ጊዜ በየክፍሉ «ያ ልጅ የት ሄደ?» ይባል ነበር።

የዚህ ልጅ ነገር የአንድ መሥሪያ ቤት ነገር ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁት ነበር። ነገር ግን ዓለምን በሙሉ ሊጐዳ የቃጣ ተመሳሳይ ታሪክ በቅርቡ ተፈጽሞአል።

ታሪኩን ለማስረዳት አስቀድሞ ሶፍትዌር ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። ሶፍትዌር ማለት ለኮምፒዩተር የሚጻፍለት የትእዛዝ ቃል ነው፤ ኮምፒዩተር ያለዚህ ትእዛዝ ብረትና መስተዋት ብቻ ነው። አንድ ትልቅ ሶፍትዌር በአንድ ሰው እጅ አይሠራም፤ እንደ ቤት ነው፤ በሩን አንዱ፣ ማገሩን ሌላው፣ ምስማሩን ሦስተኛው ያመጣዋል። ከምስማሮቹም ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ፣ ማንም ሰው በነጻ ወስዶ የሚጠቀምባቸው ናቸው። ከእነዚህ ምስማሮች አንዱ ኤክስዜድ ይባላል። ሥራውም ብዙ ጽሑፍና መረጃ በጠባብ ቦታ እንዲታጨቅ ማድረግ ነው። ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠሩ እጅግ ብዙ ኮምፒዩተሮች ይህን ምስማር በውስጣቸው ይዘዋል፤ ባለቤቶቻቸው ግን ስሙን እንኳ አያውቁትም።

ይህን ሶፍትዌር ለብዙ ዓመታት ሲጠብቅ የኖረው ላሲ ኮሊን የሚባል የፊንላንድ ሰው ነበረ። በ2021 መጨረሻ ገደማ ጂያ ታን በሚል ስም የሚጽፍ አንድ እንግዳ እየመጣ ጥቂት ጥቂት የማሻሻያ ሥራ ያቀርብ ጀመር። በ2022 ደግሞ ሌሎች ስሞች ብቅ አሉ፤ እነዚህም ሥራ አያቀርቡም፤ ሥራቸው ማጕረምረም ብቻ ነበረ። «ለምን ይዘገያል? ጠባቂው ደክሞታል፤ ለሌላ ሰው ያስረክብ» የሚል አሳብ በአደባባይ ደጋግመው ይጽፉ ነበር። ኮሊንም ጤናው እንደ ቀድሞው አለመሆኑን፣ ሥራውንም ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜው የሚሠራው መሆኑን ገልጦ መለሰ። ማጕረምረሙ ግን አልቆመም። በመጨረሻ ያ ትጉህ መስሎ የታየው እንግዳ የጠባቂነቱን ሥልጣን ተካፈለ፤ በፌብሩዋሪ 2024 በወጣው አዲስ እትም ውስጥም በስውር የኋላ በር ከፈተ። በሩም ቍልፉን የያዘው ሰው ከሩቅ ሆኖ ወደ ሰው ኮምፒዩተር እንዲገባና እንደ ፈቀደ እንዲያዝዝ የሚያስችል ነበረ።

ይህ በር የተገኘው በአንድ ሰው ጠንቃቃነት ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል በማይክሮሶፍት የሚሠራ መሐንዲስ በሌላ ጕዳይ የኮምፒዩተሩን ፍጥነት ሲለካ፣ ከሩቅ ወደ ኮምፒዩተር የሚገባበት መንገድ ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ ማለት ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ያለ ጊዜ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ ያበላሹታል» ብሎ አማርሮ ያልፈው ነበር። እርሱ ግን ለካ፤ ደግሞም ለካ፤ ምክንያቱን እየተከተለ ወደ ውስጥ ገባና የተደበቀውን በር አገኘው። ማርች 29 ቀን 2024ም ያገኘውን ሁሉ ከነማስረጃው ለባለሙያዎች ገልጦ ጻፈ። ክፉው እትም ገና በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ሳይሠራጭ ስለ ተደረሰበት ጥፋቱ በአጭር ተቀጨ። ጂያ ታን በሚለው ስም የተሸሸገው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ በይፋ አልታወቀም፤ እነዚያ አጕረምራሚዎችም ሥራቸውን ፈጽመው እንደ ጉም በንነው ጠፉ። የነገሩን አካሄድ የመረመሩ ብዙ ባለሙያዎች እነርሱም የዚያው ተንኰል ተባባሪዎች እንደ ነበሩ ያምናሉ።

አንባቢዬ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ሌባው በሩን ለመስበር የተጠቀመበት የመጀመሪያ መሣሪያ ምን ነበረ? መጥረቢያ አይደለም፤ የረቀቀ የሒሳብ ጥበብም ገና አልነበረም። የመጀመሪያው መሣሪያ ተራ አሳብ ነበረ። ሁላችን በየቀኑ የምንናገረው «ለምን ዘገየ? ሰነፍ ነው፤ ይቀየር!» የሚለው ቃል ነበረ። ተንኰለኞቹ ይህን መሣሪያ የመረጡት ማንም እንደማይጠረጥረው ስላወቁ ነው፤ በዓለም ላይ የሚያጕረመርም ሰው ብዙ ስለ ሆነ ሐሰተኛው አጕረምራሚ ከእውነተኛው አይለይም። እኛ በየዕለቱ ያለ ማስተዋል የምናጕረመርመው ማጕረምረም ለሌባ መደበቂያ ጫካ ሆነለት ማለት ነው። ጫካውን የምንተክለው እኛ ነን።

እንግዲህ ፍሮይንድም ቅር ያለው ሰው ነበረ፤ እነዚያም ቅሬታ አቅራቢዎች ነበሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ፍሮይንድ የተናገረው ስለ ነገሩ ነው፤ እነዚያ የተናገሩት ስለ ሰውዬው ነው። እርሱ ከመናገሩ በፊት ለካ፤ እነርሱ ሳይለኩ ተናገሩ። እርሱ ሥራ ጨመረ፤ እነርሱ ሸክም ጨመሩ። ቅሬታ ሁለት ዓይነት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ እኔ አላውቅም።

የዚህ ዓይነት ሥራ ሌላም መከራ አለበት፤ ሲበላሽ መወቀስ ብቻ ሳይሆን ሲሳካም መካድ አለ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሆነውን እናስታውስ። የመጀመሪያዎቹ የኮምፒዩተር ሊቃውንት የማስታወሻው ቦታ እጅግ ውድ ስለ ነበረ ዓመትን በሁለት አኀዝ ብቻ ይጽፉ ነበር፤ 1975ን 75 ብለው ማለት ነው። ስለዚህ 2000 ሲገባ ኮምፒዩተሩ 00 ሲያይ 1900 እንዳይመስለውና ሒሳቡ ሁሉ እንዳይፋለስ ተፈራ። በብዙ አገሮች ያሉ ባለሙያዎችም ለዓመታት የቈዩ ጽሑፎችን መስመር በመስመር እየመረመሩ አቃኑ፤ በጠቅላላው በመቶ ቢሊዮን የሚቈጠር ዶላር ፈሰሰበት። በእኛ አቈጣጠር ያ ቀን ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ብቻ ነበረ፤ የእኛ 2000 የገባው ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ቈይቶ ነው፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሮቻችን የሚቈጥሩት በአውሮፓውያን ስለ ሆነ ነገሩ እኛንም ይመለከተን ነበር።

ቀኑ ደረሰ፤ አለፈም። አውሮፕላን አልወደቀም፤ መብራት አልጠፋም። ያን ጊዜ የዓለም ሰው ምን አለ? «ድሮም ውሸት ነበር፤ ገንዘብ ለመብላት ያወሩት ነው» አለ። ዛሬም ይህን የሚል ሰው ሞልቶአል። ነገር ግን ሳይቃና የቀረው ጥቂት ነገር ያደረሰውን ጕዳት ማየት ይበቃል። በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ በሆስፒታል የሚሠራ አንድ ኮምፒዩተር በዚሁ ስሕተት ምክንያት የእርጉዞችን ዕድሜ አሳስቶ ስለ ቈጠረ፣ ከ150 በላይ ለሆኑ ሴቶች ስለ ፅንሳቸው ጤንነት የተሳሳተ ውጤት ተነገራቸው። ያ ስሕተት በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በየሆስፒታሉ፣ በየባንኩና በየመሥሪያ ቤቱ ቢደርስ ኖሮስ? ያልደረሰው ሰው ስለ ሠራ ነው። ጐርፍ እንዳይገባ በክረምት ዋዜማ ቦይ የቈፈረ ሰው፣ ክረምቱ በሰላም ካለፈ በኋላ «ጐርፍ ላልመጣበት ቤት ምን አስቈፈረው?» ተብሎ ቢሳቅበት፣ በሚቀጥለው ዓመት ማን ይቈፍራል? «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ማለት ይህ ነው።

ወደ ራሳችንም ስንመለስ ተመሳሳይ ብድር አለብን። ዛሬ ማንም ተማሪ በስልኩ በፊደላችን ጽፎ ወደ ፈለገው አገር ይልካል፤ ተቀባዩም እንደ ተጻፈ ያነበዋል። ይህ ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም። ቀደም ባለው ጊዜ ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ለጽሕፈት መኪና እንዲስማማ ለማድረግ ደክመዋል። ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ለፊደሉ የራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበረ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይገኝ ነበር። በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ሦስተኛ እትም ላይ የግዕዝ ፊደል ከ300 በላይ ምልክቶች ይዞ ሲገባ፣ ሀ ለሁሉም ኮምፒዩተር ሀ ሆነ። ይህም እንዲሆን ብዙ ሰዎች፣ ኢትዮጵያውያንም ወዳጆቻቸውም፣ ለዓመታት ጽፈዋል፤ ተከራክረዋል፤ ቈጥረዋል። ዛሬ «አማርኛ በስልክ መጻፍ ያታክታል» ብሎ የሚያማርረው ወጣት ምሬቱን የሚጽፈው እነርሱ በከፈቱለት በር ገብቶ ነው። ማማረሩ ኃጢአት አይደለም፤ በሩ ገና ጠባብ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በሩን አልፎ በሩን የሠራው ማን እንደ ሆነ አለመጠየቅ ለትምህርተኛ አይገባም።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውም እንደዚሁ ነው። የሚያደንቀው «መሣሪያው ራሱ ያስባል» ይላል፤ የሚፈራውም ይህንኑ ይላል። በሁለቱም ወሬ ውስጥ ሰው የለም። ነገር ግን ቻትጂፒቲ ጸያፍና አስፈሪ ነገር እንዳይናገር ለማስተማር፣ ኩባንያው ሥራውን በሰጠው በሌላ ድርጅት በኩል በናይሮቢ የተቀጠሩ ኬንያውያን ወጣቶች ስለ ግድያና ስለ ግፍ የተጻፈ ክፉ ጽሑፍ ቀኑን ሙሉ እያነበቡ «ይህ መጥፎ ነው፤ ይህ ደኅና ነው» ብለው ይለዩ ነበር። በ2023 መጀመሪያ ታይም የተባለው መጽሔት እንደ ገለጠው፣ በእጃቸው የሚገባው ክፍያ በሰዓት ከ2 ዶላር በታች ነበረ። እንግዲህ መሣሪያው በትሕትና ሲመልስልን፣ ያን ትሕትና የገዛልን የእነዚያ ወጣቶች የታወከ እንቅልፍ ነው። ይህን ያወቀ ሰው መሣሪያውን አይጠቀም አልልም፤ ነገር ግን «መሣሪያው ራሱ ያስባል» ከማለት ይቈጠባል።

ከመሣሪያ በስተኋላ ሰው መኖሩን መርሳት ግን አንደበትን ብቻ ሳይሆን እጅንም ያሳስታል። በማርች 2024 አጋማሽ፣ ይኸውም የኤክስዜድ ነገር ከመገለጡ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በአንድ ሌሊት ሥርዓቱ ተፋልሶ፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ከተማሪ ወደ ተማሪ በረረ፤ በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ወጣቶች ከእንቅልፋቸው ተነሥተው በገንዘብ መክፈያው ማሽን ፊት ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበረ፤ ምክንያቱም ከውጭ የመጣ ጥቃት ሳይሆን በራሱ ሥርዓት ላይ ያደረገው ማሻሻያ ነበረ። «ሀከሮች ገብተዋል» ብሎ የማለው ሁሉ ያን ቀን ተሳሳተ።

እኔን ያስገረመኝ ግን ገንዘቡን ከወሰዱት አንዳንዶቹ የተናገሩት ቃል ነው። «እኔ አልሰረቅሁም፤ ማሽኑ ሰጠኝ» ይሉ ነበር። ይህን የሚለው ልጅ ከጐረቤቱ ቤት አሥር ብር ቢያገኝ አያነሣም፤ የመንገድ ዳር ሻጭ መልስ ስታበዛለት «እማማ፣ አብዝተውልኛል» ብሎ ይመልሳል። ማሽን ፊት ሲቆም ግን ሰው አልታየውም። ከዚያ ብረት በስተኋላ ገንዘቧን ያስቀመጠች ጕልት ቸርቻሪ፣ ለልጁ ትምህርት የሚያጠራቅም ዘበኛ፣ ያን ሌሊት ስሕተቱን ለማቃናት ላብ ያጠመቀው ባለሙያ መኖራቸው አልታየውም። ማሽን ሰጪ አይደለም፤ ማሽን የሰው ገንዘብ የሚያልፍበት ቱቦ ነው። ደግነቱ ብዙዎቹ ገንዘቡን መለሱ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ እስከ ማውጣት ደረሰ። «ማሽኑ ሰጠኝ» ያለ ልጅ ፎቶግራፉ በወጣ ጊዜ ያፈረው በማሽኑ ፊት አልነበረም፤ በእናቱና በመምህሩ ፊት ነው።

ምናልባት አንድ ብልህ አንባቢ «ታዲያ ታላላቆቹ ኩባንያዎች አይተቹ? ሀብታቸው ከመንግሥታት ሀብት የሚወዳደር፣ የሰውን ምስጢር የሚሰበስቡ፣ ልጆችን በስልክ ላይ አስረው የሚያውሉ ሰዎች በምስጋና ይለፉ?» ይለኝ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። እኔም ይተቹ እላለሁ፤ እንዲያውም ከመሣሪያው በስተኋላ ሰው አለ ማለት ተጠያቂ አለ ማለት ነው። «ቴክኖሎጂው ነው» የሚለው ቃል የደከመውን ሠራተኛ እንደሚሰውር ሁሉ ጥፋተኛውን ባለሥልጣንም ይሰውራል። ልጁ እስከ ሌሊት ስልክ ላይ ተጥዶ ሲያድር «ዘመኑ ነው» የሚል አባት፣ ያን ስልክ ልጁን እንዲይዘው አድርጎ የቀመረ፣ በዚህም ደመወዝ የሚበላ ሰው መኖሩን ረስቶአል። በ«ዘመን» ላይ መፍረድ አይቻልም፤ በሰው ሥራ ላይ ግን መፍረድ ይቻላል። ስለዚህ የእኔ ምክር ትችትን የሚያለዝብ ሳይሆን ዒላማውን የሚያሳይ ነው።

እንግዲህ፣ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ስለ አንድ አዲስ መሣሪያ ወይም ስለ አንድ ብልሽት አሳብህን ከመስጠትህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ ይህን ነገር የሚሠራውና የሚጠብቀው ማን ነው? በደመወዝ ነው ወይስ በበጎ ፈቃድ? ሁለተኛ፣ እኔ የማውቀው ምንድን ነው፣ የሰማሁትስ ምንድን ነው? ግማሽ ሰከንድ እንኳ ቢሆን ለክቼዋለሁን? ሦስተኛ፣ ይህ ቃሌ ለሚጠግነው ሰው ሥራ ያቀልለታል ወይስ ሸክም ይጨምርበታል? እነዚህን ጠይቀህ ብትናገር ቃልህ አጭር ይሆናል፤ ነገር ግን ይደመጣል። ጠይቀህ መልስ ብታጣ ደግሞ «አላውቅም» ማለት ለተማረ ሰው ውርደት አይደለም፤ ገበሬው «ዝናቡ በልክ ከሆነ» ሲል ማንም አልናቀውም።

ከዚህም ጋር አንድ ቀላል ነገር አድርግ። በትምህርት ቤትህ ወይም በመሥሪያ ቤትህ ኮምፒዩተሮቹን የሚጠብቅ ሰው ይኖራል። ስሙን እወቅ። ዛሬ ሁሉም ነገር በደኅና ሲሠራ፣ ማለትም ማንም በማያስታውሰው ቀን፣ ወደ ክፍሉ ግባና «ዛሬ ሁሉ ደኅና ነው፤ እግዜር ይስጥልን» በለው። መጀመሪያ ምን ሊጠይቀኝ መጣ ብሎ ይደነግጥ ይሆናል፤ ያለ ችግር የሚመጣበት ሰው አላየምና።